ኢንተርኔት እየተቆራረጠ ትልቅ ሪፖ ለማውረድ

«ጊት ክሎን» መሃል ላይ ሲቋረጥ ከሁሉ የሚያበሽቀው የተከፈተው ፎልደር አብሮ መጥፋቱ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ የወረደው ኮድ፣ ከሞባይል ጥቅሉ ላይ የተቆረጠው ጊጋባይት፣ 93 በመቶ ደርሶ የነበረው ቁጥር፣ ሁሉም «ኧርሊ ኢኦኤፍ» በሚል አንድ መስመር ያበቃል። ፊልም ሲያወርዱ ቢቋረጥ ብሮውዘሩ ብዙውን ጊዜ ካቆመበት ይቀጥላል። ጊት ግን ከዜሮ ይነሣል። በዚያው መስመር ላይ ያንኑ ትእዛዝ እየደጋገሙ ማምሸት ውሃ መውቀጥ ነው።

ሪፖ ማለት ኮዱ ከነለውጥ ታሪኩ የሚቀመጥበት ክምችት ነው። ትንሹ በደቂቃ ስለሚወርድ አያስቸግርም። ጭንቁ የሚመጣው እንደ ሊኑክስ ከርነል ያለ፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ያለው ሪፖ፣ በስልክ ሆትስፖት፣ በሚቆጠር ዳታ፣ መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ሊወርድ ሲታሰብ ነው። መውጫ መንገዱ አንዱን ትልቅ ጭነት ቢቋረጥ የማይባክኑ ትንንሽ ጭነቶች ማድረግ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዘዴዎች ሁሉ ይህንኑ የሚሠሩት በተለያየ መንገድ ነው።

ትእዛዞቹ እዚህ እንደ አነባበባቸው በፊደል ተጽፈዋል፤ ተርሚናል ላይ የሚገቡት እንደተለመደው በላቲን ነው። የአንዱ አጻጻፍ ካጠራጠረዎ «ጊት ሄልፕ ክሎን» ይበሉ። ከጊት ጋር አብሮ የተጫነው ማብራሪያ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል።

ጊት ለምን ካቆመበት አይቀጥልም?

ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2005 ነው። የሊኑክስ አልሚዎች ይጠቀሙበት የነበረው ቢትኪፐር የተባለ ሶፍትዌር የነፃ ፈቃዱ ሲነሣባቸው ለራሳቸው የሚሆን መሣሪያ አስፈለጋቸው። ይህ መሣሪያ ፈጣንና ጠንቃቃ ሆኖ ተሠራ። ጥንቃቄው ግን ደካማ ኢንተርኔት ላለው ሰው ዕዳ አለው።

አንድ ሰው ክሎን ባለ ቁጥር ሰርቨሩ የተዘጋጀ ፋይል አንሥቶ አይሰጠውም። የተጠየቀውን ይቆጥራል፤ የሚመሳሰሉትን ፋይሎች እያነጻጸረ ልዩነታቸውን ብቻ ያስቀራል፤ ከዚያ «ፓክ» የሚባል አንድ ወጥ ጥቅል እየጠቀለለ ይልካል። በጥቅሉ መጨረሻ ላይ ሙሉነቱን የሚያረጋግጥ ቼክሰም አለ። ያ ካልደረሰ ኮምፒውተርዎ እስከዚያ የተቀበለውን በሙሉ እንደ ጎደሎ ቆጥሮ ይጥለዋል። ሁለተኛ ሲጠይቁ ደግሞ ሰርቨሩ ያንኑ ዕቃ በሌላ አደራደር ሊጠቀልለው ይችላል። በሻንጣ ውስጥ ያለው ልብስ ያው ሆኖ አስተጣጠፉ እንደሚለያይ ማለት ነው። ስለዚህ «ከ700ኛው ሜጋባይት ጀምሮ ላክልኝ» ማለት አይሠራም።

በየቦታው የሚደጋገም አንድ ምክር አለ፤ ክሎን ሲቋረጥ «ኤችቲቲፒ.ፖስትበፈር» የተባለውን ቁጥር 500 ሜጋባይት አድርጉት ይላል። ይህ ቅንብር የሚመለከተው ከእርስዎ ወደ ሰርቨሩ የሚላከውን ነው፤ የሚወርደውን ኮድ አይነካውም። ጊዜዎን አያጥፉበት።

ከቅንብሮቹ የሚጠቅሙት ሌሎች ናቸው። «ጊት ኮንፊግ --ግሎባል» ብለው «ኤችቲቲፒ.ሎውስፒድሊሚት»ን 1000፣ «ኤችቲቲፒ.ሎውስፒድታይም»ን 60 ያድርጓቸው። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ1000 ባይት በታች ወርዶ 60 ሰከንድ ከቆየ ጊት ራሱ ያቋርጣል። ይህ በመጀመሪያ ሲሰማ ለጉዳት ይመስላል። ነገር ግን በሆትስፖት የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ሆኖ ዳታው ሲሞት ጊት እንደ ተንጠለጠለ ያድራል። በጊዜ አቋርጦ እንደገና መሞከር ይሻላል። «ኤችቲቲፒ 2 ስትሪም» የሚል ስሕተት የሚደጋገምብዎ ከሆነ ደግሞ «ኤችቲቲፒ.ቨርዥን»ን ወደ «ኤችቲቲፒ/1.1» ይመልሱት፤ አንዳንድ መስመር ላይ ይህ ብቻውን ችግሩን ይፈታዋል።

መጀመሪያ ክብደቱን ይወቁ

ሳያውቁ መጀመር ዳታ ያስበላል። በጊትሐብ ላይ ያለ ሪፖ ከሆነ ብሮውዘር ላይ «ኤፒአይ.ጊትሐብ.ኮም/ሪፖስ/» ብለው የባለቤቱንና የሪፖውን ስም ያስከትሉ። ከሚመጣው ጽሑፍ ውስጥ «ሳይዝ» ከሚለው ቃል አጠገብ ያለው ቁጥር መጠኑን በኪሎባይት ይነግርዎታል። ግምት ቢሆንም ለውሳኔ ይበቃል።

ከዚያ ያስሉ። የ1 ሜጋቢት መስመር በሰከንድ 125 ኪሎባይት ያወርዳል። 3 ጊጋባይት የሚመዝን ሪፖ በዚህ ፍጥነት 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ያውም አንዴም ሳይቋረጥ። 250 ሜጋባይት ከሆነ 33 ደቂቃ ገደማ ነው። ለሠላሳ ደቂቃ ያህል ሳይቋረጥ የሚቆይ መስመር ብዙ ቦታ ይገኛል፤ ለሰባት ሰዓት የሚቆይ ግን ብርቅ ነው።

ራስዎን የሚጠይቁት ሌላ ጥያቄም አለ፤ የለውጡን ታሪክ በእርግጥ ይፈልጉታል? ኮዱን ማንበብ ወይም ኮምፓይል ማድረግ ብቻ ከሆነ ሐሳብዎ፣ ጊትን ጨርሶ ላያስፈልግዎ ይችላል። የሊኑክስ አንድ ቨርዥን ከከርነል.ኦርግ ታሽጎ ሲወርድ ከ130 እስከ 150 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ «ደብሊውጌት -ሲ» የተባለው የማውረጃ ትእዛዝ ደግሞ በተቋረጠ ቁጥር ካቆመበት ያስቀጥለዋል። በጊትሐብ ላይ ያለው «ዳውንሎድ ዚፕ» ግን በዚህ አይታመንም። ፋይሉ ሲጠየቅ የሚሠራ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ካቆመበት አይቀጥልም። «ሪሊዝስ» በሚለው ገጽ ላይ አልሚዎቹ ራሳቸው የሰቀሉት ፋይል ካለ እሱን ይምረጡ፤ የተቀመጠ ፋይል ስለሆነ ይቀጥላል።

ከጫፉ ጀምሮ ወደ ኋላ

ታሪኩም ካስፈለገ፣ በዛሬው ይጀምሩና ወደ ትናንት ይሂዱ። «ጊት ክሎን --ዴፕዝ=1» ሲሉ ጊት የመጨረሻውን ኮሚት ብቻ ያመጣል። ለሊኑክስ ይህ ሁለት ሦስት መቶ ሜጋባይት ገደማ ነው።

ነገር ግን ክሎን ከከሸፈ ፎልደሩን ይሰርዛል ብለናል። ስለዚህ ያንኑ ሥራ በአራት ትእዛዝ ቢከፍሉት ይሻላል። ፎልደር ከፍተው «ጊት ኢኒት» ይበሉ። ቀጥለው «ጊት ሪሞት አድ -ቲ ማስተር ኦሪጅን» ብለው የሪፖውን አድራሻ ይስጡ፤ «-ቲ ማስተር» ያለው ሌሎች ብራንቾች ተግተልትለው እንዳይመጡ ነው። ብራንቹ «ሜይን» የሚባል ከሆነ ስሙን ይቀይሩ። ሦስተኛው «ጊት ፌች --ዴፕዝ=1 ኦሪጅን ማስተር» ነው፤ ሲሳካ «ጊት ቼክአውት ማስተር» ብለው ፋይሎቹን ያውጡ። ፌች ቢከሽፍ ፎልደሩም ቅንብሩም በቦታው ነው። በባሽ ላይ «አንቲል ጊት ፌች --ዴፕዝ=1 ኦሪጅን ማስተር; ዱ ስሊፕ 30; ደን» ብለው ቢተዉት እስኪሳካ ድረስ በየ30 ሰከንዱ ራሱ ይሞክራል። ሌሊት የሚሰጡ የዳታ ጥቅሎችን ለሚጠቀም ሰው ይህች አንዲት መስመር እንቅልፍ ታስተኛለች። ዳታው ውስን ከሆነ ግን ሳይገደብ እንዳይሞክር ይጠንቀቁ፤ እያንዳንዱ የከሸፈ ሙከራ ያወረደው ከጥቅልዎ ላይ ይቆረጣል።

አሁን ኮዱ እጅዎ ላይ አለ። ዛሬውኑ መሥራት ይችላሉ። ታሪኩ ሲመች ሲመች ይመጣል፤ «ጊት ፌች --ዲፕን=10» ሲሉ አሥር እርከን ወደ ኋላ ይጨምርልዎታል። ይህ በተሳካ ቁጥር የመጣው የእርስዎ ነው፤ ቀጣዩ ቢቋረጥ የቀደመው አይጠፋም።

ለምን 10? እርከኑ የሚቆጠረው በአንድ መስመር ብቻ ባለመሆኑ ነው። በሊኑክስ ውስጥ አንድ ኮሚት ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ብራንች የተቀላቀለበት ነው፤ ወደ ኋላ ሲኬድ መንገዱ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም እንደገና ይሰነጠቃል። መቶ እርከን ሲጠይቁ በሺህ የሚቆጠር ኮሚት ሊመጣ ይችላል። በ10 ጀምረው መስመሩ ከቻለ 50፣ ከዚያ 200 እያደረጉ ይሂዱ። በቀን መወሰን ከመረጡም «--ሻሎው-ሲንስ» ብለው ቀኑን ይስጡት። የቀረው ትንሽ ሲመስልዎ «ጊት ፌች --አንሻሎው» ይጨርሰዋል። ታሪኩ ማለቅ አለማለቁን «ጊት ሬቭ-ፓርስ --ኢዝ-ሻሎው-ሪፖዚተሪ» ይነግርዎታል፤ «ፎልስ» ካለ ሙሉ ነው።

ይህ መንገድ ዋጋ አለው። በቁራሽ የመጣ ጥቅል እንደ አንድ ወጥ ጥቅል አይታመቅም፤ በድምሩ የሚወርደው ሊበልጥ ይችላል። ቢሆንም በ90 በመቶ ላይ ሁለት ጊዜ ከተቋረጠ ክሎን ይረክሳል።

አንዱ ኮሚት ራሱ ሲከብድ

የመጨረሻው ኮሚት ብቻውን የማይወርድበት መስመርም አለ። ያኔ በፎልደር ይከፋፈላል። «ጊት ክሎን --ፊልተር=ብሎብ:ነን --ዴፕዝ=1 --ስፓርስ» ሲሉ ጊት የፎልደሮቹን ዝርዝርና ከላይ ያሉትን ጥቂት ፋይሎች ብቻ ያመጣል፤ ለሊኑክስ ይህ ጥቂት ሜጋባይት ነው። የቀረውን በሚፈልጉት ቅደም ተከተል ያስመጣሉ። የፋይል ሲስተም ኮድ የሚያጠና ሰው «ጊት ስፓርስ-ቼክአውት ሴት ኤፍኤስ» ይበል፤ ነገ ሜሞሪን ሲፈልግ «ጊት ስፓርስ-ቼክአውት አድ ኤምኤም» ይጨምር። ከሊኑክስ ፎልደሮች ትልቁ «ድራይቨርስ» ስለሆነ እሱን በጅምላ አይጠይቁ፤ በውስጡ ያሉትን አንድ በአንድ ያስመጡ። የ«ስፓርስ-ቼክአውት» ትእዛዝ ወደ ጊት የገባው እ.ኤ.አ. በ2020 በቨርዥን 2.25 ነው፤ «አድ» ደግሞ ትንሽ ቆይቶ መጣ። ያለዎት ቨርዥን ከዚያ የቆየ ከሆነ መጀመሪያ ጊትን ራሱን ያድሱ።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። በ«ፊልተር» የወረደ ሪፖ የጎደለውን ሁሉ «ሲፈለግ አመጣዋለሁ» ብሎ የቀረ ነው። ኔትወርክ በሌለበት ቀን «ጊት ብሌም» ቢሉት ወይም ያላወረዱትን ፎልደር ቢከፍቱ ሰርቨሩን ይፈልግና ይከሽፋል። በ«ዴፕዝ» የወረደው ግን ታሪኩ ቢያጥርም ያለው ነገር ሙሉ ነው፤ ኢንተርኔት ለሳምንት ቢጠፋ ይሠራል። መስመሩ ለቀናት ሊጠፋ በሚችልበት ቦታ ለሚሠራ ሰው ዴፕዝ ይበልጣል። ፊልተርን የመረጠ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 በቨርዥን 2.49 የመጣውን «ጊት ባክፊል» ይወቅ። የጎደሉትን ፋይሎች በቡድን በቡድን ያመጣል፤ ቢቋረጥም የደረሱት ቡድኖች ይቀራሉ። ገና በሙከራ ላይ ያለ ትእዛዝ መሆኑን ማስታወስ ነው።

በንድል፦ ሪፖውን ተራ ፋይል ማድረግ

ሙሉውን ታሪክ በአንድ ጊዜ ለሚፈልግ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው መንገድ ይህ ነው፤ በብዙዎች ዘንድ አለመታወቁም ያስቆጫል። «በንድል» ማለት አንድ ሪፖ ከነታሪኩ ተጠቅልሎ የገባበት ተራ ፋይል ነው። ተራ ፋይል ስለሆነ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ይቆራረጣል፣ በፍላሽ ይሄዳል፣ በቴሌግራም ይላካል።

የከርነል.ኦርግ አስተዳዳሪዎች ችግሩን አሳምረው ያውቁታል። ኢንተርኔታቸው እየተቆራረጠ ክሎን እንቢ ላላቸው ሰዎች ሲሉ የሊኑክስን ሪፖ «ክሎን.በንድል» በሚል ስም ፋይል አድርገው አስቀምጠዋል፤ እንዴት እንደሚወርድ የሚያስረዳ ገጽም አለው። ፋይሉን በ«ደብሊውጌት -ሲ» ያውርዱ። በተቋረጠ ቁጥር ያንኑ ትእዛዝ ይድገሙ፤ ሦስት ቀን ቢፈጅም ግድ የለም። ሲያልቅ «ጊት ክሎን ክሎን.በንድል ሊኑክስ» ይበሉ። ይህ ሥራ ከዲስክዎ ወደ ዲስክዎ ስለሆነ ኢንተርኔት አይነካም። ከዚያ ፎልደሩ ውስጥ ገብተው «ጊት ሪሞት ሴት-ዩአርኤል ኦሪጅን» ብለው የእውነተኛውን ሪፖ አድራሻ ይስጡና «ጊት ፑል ኦሪጅን ማስተር» ያድርጉ። የሚወርደው በንድሉ ከተሠራ ወዲህ የተጨመረው ብቻ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። በንድሉ ከጊዜ ወደ ጊዜ ይታደሳል። ማውረዱ ረዝሞ መሃል ላይ ከታደሰ «ደብሊውጌት» የአሮጌውን ግማሽ ከአዲሱ ግማሽ ጋር ይገጥመዋል፤ ውጤቱ ክሎን ሲደረግ ስሕተት ይሰጣል። እንዲህ እንዳይሆን በየጊዜው ሲቀጥሉ የሚያሳየውን ጠቅላላ መጠን ይመልከቱ። ትናንት ካዩት ከተለየ ፋይሉ ተቀይሯል ማለት ነው።

የሚፈልጉት ሪፖ በንድል ከሌለውስ? ጥሩ መስመር ያለው ማንኛውም ኮምፒውተር ይሠራልዎታል፤ የተከራዩት ሰርቨር፣ የመሥሪያ ቤት ማሽን፣ ወይም ፍራንክፈርት የሚኖር ወንድምዎ ላፕቶፕ። እዚያ «ጊት ክሎን --ቤር» ይደረጋል። ብዙ ሰው «--ሚረር» ይላል፤ ይህ በጊትሐብ ላይ የፑል ሪኩዌስቶቹንም ሁሉ ጠርጎ ስለሚያመጣ ጭነቱን ያበዛዋል። ከዚያ «ጊት በንድል ክሪኤት ሪፖ.በንድል --ኦል» ይባላል። ሰርቨር ከሆነ ፋይሉን ወደ ቤትዎ የሚያመጡት በ«አርሲንክ --ፓርሻል» ይሁን፤ «ኤስሲፒ» ካቆመበት አይቀጥልም።

ወንድም ከሆነ ቴሌግራም ቀላሉ ነው፤ እዚያ አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይፈቀዳል። መስመሩ በጣም ደካማ ከሆነ «ስፕሊት -ቢ 100ኤም» በንድሉን በመቶ ሜጋባይት ይቆራርጠዋል፤ ሲደርስ «ካት» ቁራጮቹን በቅደም ተከተል ይገጥማቸዋል። ላኪው ሳይቆርጥ በፊት «ሻ256ሰም» አውጥቶ ቁጥሩን በጽሑፍ ይላክልዎ። እርስዎም ከገጠሙ በኋላ ያንኑ አውጥተው ያመሳክሩ። አንድ ፊደል ከተለየ ከቁራጮቹ አንዱ ተበላሽቷል፤ የእያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥርም ተልኮ ከነበረ የተበላሸውን ብቻ እንደገና ማስላክ ይቻላል።

አገር ቤት የሚገባ ሰው ካለ ደግሞ ፍላሽ ይበቃል። ብዙ ፍላሽ በ«ፋት32» ፎርማት ስለሚሸጥ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ወደ «ኤክስፋት» ፎርማት ይደረግ ወይም በንድሉ ይቆረጥ። ይህን ለላኪው አስቀድመው ይንገሩት፤ ሻንጣ በሚታሰርበት ሌሊት የሚገኝ ስሕተት አይታረምም።

ሳይታሰቡ የሚከብዱ

ክሎን ሲያደርጉ «--ሪከርስ-ሰብሞጁልስ» የሚለውን አይጨምሩ። እያንዳንዱ ሰብሞጁል ራሱን የቻለ ሪፖ ስለሆነ ዋናው ከወረደ በኋላ «ጊት ሰብሞጁል አፕዴት --ኢኒት --ዴፕዝ=1» ብለው አንድ በአንድ ስሙን እየጠሩ ያምጡት። ምስል፣ ድምፅ ወይም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል የያዙ ሪፖዎች ደግሞ ትልልቅ ፋይሎቻቸውን በ«ጊት ኤልኤፍኤስ» ለብቻ ያስቀምጣሉ። ከክሎን በፊት «ጊት_ኤልኤፍኤስ_ስኪፕ_ስመጅ=1» ብለው ከቀደሙት ፋይሎቹ ሳይወርዱ ኮዱ ብቻ ይመጣል፤ በኋላ «ጊት ኤልኤፍኤስ ፑል --ኢንክሉድ» ብለው የሚፈልጉትን ፋይል በስሙ ያስመጣሉ።

የሊኑክስን ኮድ ዊንዶውስ ላይ የሚያወርድ ሰው ሁሉም ወርዶ ሳለ ስሕተት ሊያይ ይችላል። ይህ የኢንተርኔቱ ጥፋት አይደለም፤ ያንኑ እንደገና ለማውረድ አይቸኩሉ። በከርነሉ ውስጥ በላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደል ብቻ የሚለያዩ የፋይል ስሞች አሉ፤ ዊንዶውስ ሁለቱን እንደ አንድ ያያቸዋል። «ኦክስ.ሲ» የሚባል ፋይልም አለ፤ ዊንዶውስ ይህን ስም ለራሱ ስላስቀመጠው አይቀበለውም። ዊንዶውስ ላይ ሊኑክስን በሚያሠራው «ደብሊውኤስኤል» ውስጥ ገብቶ በሊኑክሱ ዲስክ ላይ ማውረድ ይህን ሁሉ ያስቀራል። እንደገና ለማውረድ አይቸኩሉ።

ከብዙ ክሽፈት በኋላ ዲስክዎ ጠቦ ካገኙት «.ጊት/ኦብጀክትስ/ፓክ» ውስጥ «ቲኤምፒ_ፓክ» በሚል የሚጀምሩ ፋይሎች ይኖራሉ። ግማሽ ደርሰው የቀሩ ጥቅሎች ናቸው፤ ምንም ፌች በማይሠራበት ሰዓት «ጊት ፕሩን» ይጠርጋቸዋል። የወረደው ጤነኛ መሆኑን «ጊት ኤፍኤስሲኬ» ያረጋግጥልዎታል።

በክፍል ወይም በቢሮ አብረው የሚሠሩ ሰዎች ካሉ አንዱ ያወረደውን ሌሎቹ ከኢንተርኔት መድገም የለባቸውም። በንድሉ በፍላሽ ይዙር። ለየሳምንቱ ማደሻ ደግሞ መስመር ያለው ሰው በመጨረሻ በላከው ኮሚት ላይ «ላስት» የሚል ታግ ያስቀምጥ፤ ሳምንቱ ሲያልቅ «ጊት ፑል» አድርጎ «ጊት በንድል ክሪኤት ሳምንት.በንድል ላስት..ማስተር» ይበል። የሚወጣው ፋይል የሰባት ቀን ለውጥ ብቻ የያዘ ስለሆነ በቴሌግራም ግሩፕ ይላካል፤ ተቀባዮቹም «ጊት ፑል ሳምንት.በንድል ማስተር» ብለው ከራሳቸው ሪፖ ጋር ያዋሕዱታል። ከዚያ ላኪው «ጊት ታግ -ኤፍ ላስት ማስተር» ብሎ ታጉን ወደ አዲሱ ጫፍ ያዛውረዋል፤ የሚመጣው ሳምንት በንድል የሚጀምረው ከዚያ ነው።